እድራችን የሚመጣው ከሞት በኋላ ብቻ ነው ወይ?



ባለፈው ስብሰባ አንድ አባል «እድር ለቀብር ነው እንጂ ለኪኒን አይደለም» ብለው ሲናገሩ ብዙ ሰው አጨበጨበ። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ስለሆንኩ ዝም አልኩ። መልሴን ግን ዛሬ በዚህ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ።

ሰው ሲሞት ድንኳን እንተክላለን፣ ወንበር እንደረድራለን፣ ሦስት ቀን እንቀመጣለን። ደግ ነው። ታዲያ ያ ቤተሰብ የካንሰር በሽተኛውን ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲያስታምም የት ነበርን? መድኃኒቱ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ይታዘዛል እንጂ የሚዋጠው እዚሁ ሾኔ፣ በየቤታችን ነው። ለጡት ካንሰር የሚታዘዘው ታሞክሲፌን በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ዓመት ይወሰዳል። ካፔሲታቢን የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጠዋትና ማታ፣ ምግብ ከተበላ በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ 2 ሳምንት ይዋጥና 1 ሳምንት ይታረፋል። የሕመም ማስታገሻው የሞርፊን ሽሮፕ በየ4 ሰዓቱ ነው፤ ሌሊትም መነሳት አለ። ይህን ሁሉ የምትቆጥረው ብዙ ጊዜ አንዲት ልጅ ናት።

የራሴን ልናገር። ታላቅ እህቴ ያንን የሁለት ሳምንት ኪኒን ስትወስድ፣ በዕረፍቱ ሳምንት ጠያቂ መጥቶ «ፊትሽ ተመልሷል፣ ድነሻል፤ ደግሞ ምን ያደርግልሻል?» አላት። ሰኞ ጀምሪ ስንላት እምቢ አለች። ልጇ ለመነቻት፣ እኔ ጮህኩባት። በሽተኛ ላይ መጮኼ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ልጅቱን ጓሮ እንሰት ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። «አጎቴ፣ ብትሞትብኝ አልሰጠቻትም ይሉኛል፤ ሰጥቻት ቢያስመልሳት መረዘቻት ይሉኛል» አለችኝ። እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ የምመልስላት አጣሁ። ሐኪም ቤት ደውለን፣ ነርሷ ራሷ አናግራት፣ እህቴ በአራተኛው ቀን ጀመረች። ያቺን ወሬ ያመጣው ሰውዬ ግን አንድ ሌሊት አላደረም።

ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ እንዲጨመር የምጠይቀው ይህ ነው። እንዲህ ያለ በሽተኛ ባለበት ቤት በሳምንት ሁለት ቀን በተራ ገብተን አስታማሚዋን እናሳርፍ። ለሕክምና መሄጃም ከካዝናው ብድር ይፈቀድ። ጠያቂም ቡናውን ጠጥቶ ይሂድ፣ የሐኪም ትእዛዝ አይሻር! አቅም የለንም የምትሉ፣ ለአዲሱ ድንኳን ስናዋጣ አቅም ከየት መጣ?

የፊታችን እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጉዳዩ በስብሰባ ይቀርባል። የሚቃወም ካለ መጥቶ ይናገር፤ ከነስሙ ቃለ ጉባኤው ላይ እመዘግባለሁ።

የእድሩ ጸሐፊ
ሾኔ