ስለ አለቃ ጆሮና ስለ ሠራተኛ ልብ

በአዳማና በአካባቢዋ ከተሞች፣ ከሞጆ እስከ ባቱ፣ ድርጅት ያቋቋሙ ነጋዴዎች ሲገናኙ ዘወትር የሚያሰሙት አንድ አቤቱታ አለ። ይኸውም «ሠራተኛ አልበረክት አለን፤ እኛ አስተምረን ለሌላው ሰጠነው» የሚል ነው። ምክንያቱን የጠየቃቸው እንደ ሆነ ሁሉም በአንድ ቃል ደመወዝ ነው ይላሉ። የደመወዝ ማነስ ሠራተኛን እንደሚያስኮበልል እኛም አንክድም። ሆኖም ይህ መልስ ለባለ ሀብቱ እጅግ የሚመች መሆኑ ያጠራጥረናል፤ ገበያውን ይወቅሳል እንጂ የገዛ ቤቱን አያስመረምረውምና።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሒሳብ ሹምነት በሠራበት በአንድ የዱቄት ፋብሪካ የወፍጮውን ብልሽት ከመድረሱ በፊት በድምፁ የሚለይ መካኒክ ነበር። የፈረቃ አለቃነት ቦታ በተከፈተ ጊዜ ሹመቱ የተሰጠው፣ ማታ ማታ ወደ ሥራ አስኪያጁ እየሄደ ማን ምን እንዳለ ለሚያቀብል ሰው ሆነ። መካኒኩ አልተቆጣም፤ ማመልከቻም አልጻፈም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን የታዘዘውን ብቻ እየሠራ ሰዓቱ ሲደርስ ይወጣ ጀመር። ከአራት ወር በኋላ በዚያው ደመወዝ ሞጆ ተቀጠረ። ቀድሞ በሰዓታት ይጠገን የነበረው ወፍጮም ቀናት ይፈጅ ጀመር። እኔም በመዝገቡ ላይ የለቀቀበትን ቀን ጻፍሁ፤ ልቡ የለቀቀበትን ቀን የሚጻፍበት ዓምድ ግን አልነበረም።

ይህ አካባቢ ለጉዳዩ እንግዳ አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዱ ኩባንያ በኤች.ቪ.ኤ. እጅ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ሠራተኛው በማኅበሩ አማካይነት ከአሠሪው ጋር የሚደራደርበት የሠራተኛ ሕግ ገና አልወጣም ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አቶ አበራ ገሙ ከወንጂ ሠራተኞች ወገን የመጡ ነበሩ። አዋጅ ቁጥር 210 በ1956 ዓ.ም. ተከተለ። ቅሬታም በሹክሹክታ ከመመላለስ ወጥቶ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚነገርበት በር ተከፈተለት።

ዛሬ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ ወይም የማኅበር አባል በመሆኑ እንዳይባረር ይከለክላል። መልካም ነው፤ ነገር ግን መካኒኩን ያባረረው ማንም የለም። ሹመት በወሬ አቀባይነት ወይም በወንዝ ልጅነት ሲሰጥ ያየ ሰው ራሱን ያሰናብታል። በተለይም የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ባለሙያው በቅርብ የሚያንኳኳው በር ጨምሮለታል።

እንግዲህ ባለ ድርጅቱ ሊያደርገው የሚችለው ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ክፍት ቦታ ሲኖር በግልጽ ይለጠፍ፤ የተመረጠው ለምን እንደ ተመረጠ በጽሑፍ ይነገር። በሠራተኛ ላይ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ቢኖር፣ ባለጉዳዩ ባለበት ይድገመው። ለቅቆ የሚሄደውንም ሠራተኛ ምክንያቱን ባለቤቱ ራሱ ይጠይቀው፤ የቅርብ አለቃው ከጠየቀውማ መልሱ እንደ ተለመደው «ደመወዝ» ይሆናል።