ወጣት ደግሞ ምን ነርስ ያስፈልገዋል?

ከዳንግላ የደወሉልኝ እናት ልጃቸው ነርስ ናት። እንጅባራ አካባቢ ጤና ጣቢያ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርታ አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ ልትፈተን ተነሥታለች። «የወጣቶች ጤና ላይ ነው የማተኩረው» ማለቷ ግን ለእናትየው አልተዋጠላቸውም። «ሕፃን ይታመማል፣ ሽማግሌ ይታመማል፤ ወጣት ደግሞ ምን ነርስ ያስፈልገዋል?» አሉኝ። የአራት ዓመት ልጇንም ለእሳቸው ልትተው ነው። ቅሬታው ግማሹ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል፤ አልፈርድባቸውም።

ይህን ዓምድ የምታነቡ አያቶች ብዙዎቻችሁ በ18 ዓመታችሁ ልጅ አዝላችሁ ነበር። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው። በ2008ቱ አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ከነበሩት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያገቡት 18 ሳይሞላቸው ነበር። በልጅነትና በጋብቻ መካከል ወጣትነት የሚባል ዘመን ብዙም አልነበረም ማለት ነው።

ዛሬ አለ። ከባንጃና ከፋግታ ለኮማ ገጠር መጥተው ከተማ የሚማሩትን ልጆች አስቧቸው። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰብ ዘንድ ሄደው ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ዕድሜያቸው 15፣ 16 ነው። የወር አበባዋ የቀረባት ልጅ ለማን ትንገር? ለቤት አከራይዋ? ጤና ጣቢያ ብትሄድ ካርድ ክፍል ያለችው የአክስቷ ጓደኛ ልትሆን ትችላለች። ወንዱም ቢሆን ከሕፃናት ጋር መሰለፍ ያፍራል፤ ከአዋቂዎች ጋር ሲሰለፍ ደግሞ ጎረቤት ያየዋል። ስለዚህ ሁለቱም አይመጡም።

ልጅቷ የምትማረው ይህን በር መክፈት ነው። አጠያየቁ ራሱ ሙያ ነው። መጀመሪያ ስለ ቤቱ፣ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጓደኞቹ ትጠይቀዋለች፤ ልጁ ሲላመዳት ወደ አረቄውና ወደ ጫቱ፣ ወደ ፍቅር ጉዳይ ታልፋለች፤ በመጨረሻ ራሱን ለማጥፋት አስቦ ያውቅ እንደሆነ በግልጽ ትጠይቀዋለች። መጠየቁ ያላሰበውን ልጅ ወደዚያ አይገፋውም፤ ይህን ብዙ ወላጅ አያምንም። ያደገው በአዊኛ ከሆነ ደግሞ በአዊኛ መጠየቁ እንዴት እንደሚያቀለው መገመት ነው።

ወላጅን የሚያስቀይመው «እስቲ ውጭ ይጠብቁን» የምትለው ቃል ናት። እናት በር ላይ ቆማ የሚናገር ልጅ የለም፤ እኛስ እንናገር ነበር? የነገራትን ለሰው አታወራም። ሕይወቱ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ዝም አትልም፤ ይህንም ገና ከመጀመሪያው ለልጁ ትነግረዋለች።

ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። ባሕር ዳርም ጎንደርም ዩኒቨርሲቲዎች በሕፃናት ጤና ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ ይሰጣሉ፤ የመመረቂያ ጥናቷን በአፍላ ወጣቶች ላይ ማድረግ ትችላለች። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። የልጁን ነገር በተመለከተ ለእናትየው የመከርኳቸው፣ ሁለቱን ዓመት ሙሉ ብቻቸውን እንዳይሸከሙት ነው። አባቱ አለ፤ የእሱም እናት አሉ። ደመወዟ ይቀጥል እንደሆነና ስትመለስ ስንት ዓመት የማገልገል ግዴታ እንዳለባት ደግሞ ከመፈረሟ በፊት ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ትጠይቅ።