አውጫጪኝ ይጠራ!

በቶሮንቶና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖቼ፦

ወሩ ጥር ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት። ወደ ፒርሰን አየር ማረፊያ የማደርሰው ደንበኛ ነበረኝና ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል አድሯል፤ ደጁ ሁሉ ነጭ ነው። መኪናዬን ያቆምኩባት ቦታ ብቻ ጥቁር ናት። በመኪናዬ ቁመትና ወርድ ልክ የተቆረጠች ደረቅ አስፋልት። ከእሷ ተነስቶ ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣ የጎማ ዱካ። የተሰበረ መስታወት የለም። የጮኸ አላርም የለም። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። መኪናዋ እዚያው ያለች ይመስል ሁለት ሦስት ጊዜ ተጫንኩት።

የኋላው ወንበር ላይ የልጄ መቀመጫ ነበረች። የመኪናዋ የባንክ ዕዳ ገና አላለቀም፤ እንጀራዬም እሷው ነበረች።

በዚያው ሰሞን ዳንፎርዝ ላይ ቡና ልንጠጣ ተቀምጠን ነገሩን ሳነሳው፣ ሌባ የጎበኘው እኔን ብቻ አልነበረም። አንዱ ወንድማችን፣ «የኔን እንኳ ሞክረው ትተውት ነው የሄዱት። ፓራውልቱን ገንጥለው የፊት መብራቱን ሽቦ ጎትተውታል። መኪናው ቆሞ እያለ ምን ብዬ አመለክታለሁ?» አለ። ሌላው ደግሞ፣ በጎረቤቱ ደጅ ሁለት ሰዎች ሳህን የመሰለ ነገር ይዘው በሌሊት ወዲያ ወዲህ ሲሉ በመስኮት አይቷል። «የሰው ጉዳይ ነው ብዬ መጋረጃውን መለስኩ» አለን። ሲነጋ የጎረቤቱ መኪና የለም።

ያን ቀን አባቶቻችን ትዝ አሉኝ። በአገራችን ገጠር ከብት ተሰርቆ ወይም ጎተራ ተቃጥሎ አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጪኝ ይጠራ ነበር፤ በሌላ ስሙ አፈርሳታ። የአገሩ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል። ያየም የሰማም ይጠየቃል። በአደባባይ መናገር የፈራ ለተመረጡት ሰዎች በጆሯቸው ይነግራል፤ የጠቆመው ሰው ስሙ አይጠራም፣ «ወፍ» ነው የሚባለው። ሌባው ካልተገኘ ካሳውን አገሬው አዋጥቶ ይከፍላል። ሥርዓቱ ክፉ ጎን ነበረው። ቂመኛ ንጹሕ ሰው ያስጠቁምበታል፤ ገበሬው ሥራ ፈትቶ ይጉላላበታል። ያንን ማንም አይመኘውም። ከሥሩ ያለው እምነት ግን ዛሬም ያስፈልገናል፦ በአንድ ሰው ደጅ የገባ ሌባ አገር ውስጥ ገብቷል።

ካሳውንማ ዛሬም አገሬው እየከፈለ ነው! እ.ኤ.አ. በ2023 ካናዳ ውስጥ ከ70,000 በላይ መኪኖች ተሰርቀዋል። ቶሮንቶ ላይ ብቻ ከ12,000 በላይ፤ ይህም 45 ደቂቃ ሳይሞላ አንድ መኪና ማለት ነው። በዚያ ዓመት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለተሰረቁ መኪኖች የከፈሉት ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር ይበልጣል። ያ ገንዘብ ከሰማይ አልወረደም። መኪናው በሰላም ያደረለት ሰው ሳይቀር በየወሩ በሚከፍለው ኢንሹራንስ ላይ ተጨምሮ ይሰበሰባል።

መንግሥት ገንዘብ መድቧል። ይህን ሁላችንም ልናውቀው ይገባል፤ ከግብራችን የተመደበ ነውና። የኦንታሪዮ መንግሥት በ2023 የመኪና ስርቆትን ለመከላከል ለሦስት ዓመት 51 ሚሊዮን ዶላር አስታወቀ። ከዚያ ውስጥ 18 ሚሊዮኑ በየከተማው ላሉ የፖሊስ ተቋማት 21 ፕሮጀክቶች የተሰጠ ነው። የቶሮንቶ ፖሊስና የክፍለ ሀገሩ ፖሊስ በኃይል የሚነጠቁ መኪኖችን የሚከታተል የጋራ ግብረ ኃይል አቋቋሙ። በ2024 መጀመሪያ የፌዴራሉ መንግሥት የጦር መሣሪያን፣ የወንበዴ ቡድኖችንና የመኪና ስርቆትን ለመዋጋት ለኦንታሪዮ 121 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ለድንበር ጠባቂው መሥሪያ ቤት 28 ሚሊዮን ጨመረ። በግንቦትም አገር አቀፍ የድርጊት መርሐ ግብር አወጣ።

ገንዘቡ ሥራ ላይ ሲውል ምን እንደሚያደርግ አይተናል። የክፍለ ሀገሩ ፖሊስና የድንበር ጠባቂው ሞንትሪያል ወደብ ላይ 400 ያህል ኮንቴይነሮችን ፈትሸው ወደ ውጭ ሊላኩ የነበሩ 598 የተሰረቁ መኪኖች አስመለሱ፤ ዋጋቸው 34.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። የካናዳ የስርቆት መረጃ በ2024 ከኢንተርፖል መዝገብ ጋር ሲገናኝ፣ በየወደቡና በየድንበሩ በየሳምንቱ ከ200 በላይ የካናዳ መኪኖች ይገኙ ጀመር። የ2024 የስርቆት ቁጥር ከ2023ቱ 19 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ሌባው አይበገሬ አይደለም!

ነገር ግን ይህ ገንዘብ ለዓመታት የተቆረጠ እንጂ ለዘላለም የተሰጠ አይደለም። በጀት ቁጥር ወዳለበት ይሄዳል። ሳታመለክቱ የቀራችሁት ሙከራ በማንም መዝገብ ላይ የለም። በመዝገብ የሌለ ስርቆት ደግሞ መርማሪ አይመደብለትም፤ የጥበቃ መኪና አይላክለትም። ያ ወንድማችን የተገነጠለውን ፓራውልት ጠግኖ ዝም ሲል፣ ሰፈሩን ከካርታው ላይ አወጣው።

የሌባውን መንገድ እንወቅ። ያ ሳህን የመሰለው ነገር አንቴና ነው። አንደኛው ሌባ በበሩ አጠገብ ቆሞ ቤት ውስጥ ያለውን የሪሞት ቁልፍ ምልክት ይይዛል፤ ሌላኛው መኪናው ዘንድ ሆኖ ይቀበላል። መኪናው ቁልፉ አጠገቡ ያለ ይመስለውና ይከፈታል፣ ሞተሩም ይነሳል። ሌሎቹ ሌቦች በፊት መብራቱ በኩል ከመኪናው ሽቦ ጋር ይገናኛሉ። ከዚያ መኪናው በቀጥታ ወደ መርከብ አይሄድም። መከታተያ የተገጠመለት እንደሆነ ለማየት ባለቤቱ በማያውቀው ሰፈር ጥቂት ቀን አቁመው ይጠብቃሉ። ያቺ ቀን የእኛ ቀን ናት! ማንም የማያውቃት መኪና ሰፈራችሁ ስትቆም አንድ ሰው ደውሎ ቢናገር፣ የአንድ አባወራ እንጀራ ከኮንቴይነር ይድናል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ይህን እንድናደርግ እጠራችኋለሁ።

አንደኛ፣ እንናገር። ሌባ ሲሞክር ካያችሁ በዚያው ቅጽበት 911 ደውሉ። ነገሩ ካለፈ በኋላ በቶሮንቶ 416-808-2222 ነው። ሙከራም ቢሆን አመልክቱ፤ የመዝገቡን ቁጥርም ተቀበሉ። ስማችሁ እንዲጠራ ካልፈለጋችሁ ክራይም ስቶፐርስ የሚባል የጥቆማ መስመር አለ፦ 416-222-8477። ስም አይጠይቅም። የአባቶቻችን «ወፍ» ማለት ይኸው ነው። እንግሊዝኛ ያስቸገራቸው እናቶችና አባቶች ካሉ ወጣቶቻችን አጠገባቸው ተቀምጠው ይደውሉላቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይሁንብን።

ሁለተኛ፣ ደጃችንን በጋራ እንጠብቅ። ብዙዎቻችን የምንነዳቸው ራቭ ፎር፣ ሃይላንደርና ሲአር-ቪ ሌቦች አጥብቀው ከሚፈልጓቸው መኪኖች መካከል ናቸው። በ2024 መጀመሪያ አንድ የፖሊስ ባልደረባ በሰፈር ስብሰባ ላይ፣ ሌቦቹ ቤት ሰብረው እንዳይገቡ ቁልፉን የፊት በር አጠገብ መተው ይሻላል ማለቱ ብዙ ሰው አስቆጥቶ ነበር። እኛ ቁልፋችንን አናስረክብም። ቁልፉ ከበሩ ርቆ፣ ምልክት በማያሳልፍ ከረጢት ይደር። መሪው በብረት ይቆለፍ። እያንዳንዱ እድር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድና የሹፌሮች ማኅበር የመሪ መቆለፊያ በጅምላ ገዝቶ ለአባላቱ ያድል። ለቀብር እያዋጣን ለደጃችን ማዋጣት እንዴት ያቅተናል?

ሦስተኛ፣ የሌባ ገበያ አንሁን። ወደ ውጭ የማይላኩት መኪኖች የሻንሲ ቁጥራቸው ተቀይሮ፣ ሐሰተኛ ሊብሬ ተሠርቶላቸው እዚሁ ይሸጣሉ። ከገበያው በጣም የወረደ ዋጋ፣ የሚቸኩል ሻጭ፣ ጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚል ሰው ስታዩ ቁሙ። የሻንሲ ቁጥሩን ዳሽቦርዱም በሩም ላይ አንብቡ፤ በካናዳ ፖሊስ የመረጃ ማዕከል የሕዝብ መፈለጊያ ላይ አስገብታችሁ አጣሩ። ርካሽ ነው ብላችሁ የገዛችሁት የሌላ ወንድማችሁ እንባ ሊሆን ይችላል። ሲታወቅ መኪናውም ገንዘቡም ከእጃችሁ ይወጣል።

አራተኛ፣ ልጆቻችንን እንያዝ። የስርቆት አለቆች እጃቸውን አያቆሽሹም። በማኅበራዊ ሚዲያ የአሥራ ስድስት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ፈልገው፣ ለአንድ ሌሊት ሥራ ጥቂት ገንዘብ ይወረውሩለታል። እሱ ይታሰራል፤ አለቃው ተኝቶ ያድራል። ልጃችሁ ከየት እንዳመጣው የማታውቁት ጫማና ስልክ ሲይዝ ጠይቁት። ቁጣውን ትታችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁት።

አምስተኛ፣ ገንዘባችንን እንከታተል። ፖሊስን የሚቆጣጠረው የቶሮንቶ ፖሊስ ቦርድ ስብሰባዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ነዋሪ ተመዝግቦ መናገር ይችላል። በየፖሊስ ጣቢያው የኅብረተሰብ አገናኝ ኮሚቴ አለ። እስከ ዛሬ ስንቶቻችን ገብተናል? እንግባ። ከሚሊዮኖቹ ለሰፈራችን የደረሰው ምንድን ነው? የሌሊት ሹፌሮች ዳሽ ካሜራ እንዲገዙ ለምን አይደገፉም? ፖሊስ ታርጋ የሚያነብበት ካሜራ የንጹሕ ሰውን መረጃ ለምን ያህል ጊዜ ያቆያል? ጥቁር ወጣት መሪ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ፖሊስ መንገድ ላይ እንዳያስቆመው ምን ቁጥጥር አለ? እነዚህን ጥያቄዎች ማንሳት ፖሊስን መጥላት አይደለም። መረጃ እንሰጣለን፣ ፍትሕ እንጠይቃለን። ሁለቱም የነዋሪ ግዴታ ናቸው።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ። መኪናችሁ ያለበትን በስልካችሁ ብታዩት እንኳ ራሳችሁ አትሂዱ። ለፖሊስ አሳውቁና ጠብቁ። መኪና ይተካል።

ብዙዎቻችን ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ስንደርስ ልባችን ይመታል። ያደግንበት ዘመን ያወረሰን ፍርሃት ነው፤ አልወቅሳችሁም። እኔም ያን ሌሊት ስልኩን ይዤ በረዶው ላይ ቆሜ «ምን ይሠራልኛል?» ብዬ ነበር። ግን ያቺን ጥቁር አስፋልት አየኋት። ነገ በጎረቤቴ ደጅ እንደምትታይ አወቅሁ። ደወልኩ።

በሚቀጥለው የእድራችሁ ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡ። አጀንዳው ይያዝ። ስንት ሰው ተሰረቀ፣ ስንቱ ላይ ተሞከረ፣ ስንቱ አመለከተ፣ ይቆጠር። ቁጥሩን ይዘው ወደ ፖሊስ ቦርዱ የሚሄዱ ሦስት ሰዎች ይመረጡ። አባቶቻችን ያየ ሳይናገር ከሜዳው እንዳይሄድ ያደርጉ ነበር። እኛም መጋረጃችንን እንክፈት። ያየ ይናገር፤ የሰማ ይመስክር፤ ማንም አይቅር!