ኢንተርኔት መንገድ ነው ወይስ ሸቀጥ?

ሰው ያለ ውኃና ያለ መንገድ ሊኖር እንደማይችል ማንም ያውቃል። በኛ ዘመን ደግሞ ኢንተርኔት ከነዚህ ተርታ ገብቷል።

ባለፈው ዓመት ታላቅ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ለማየት ከአያታችን መንደር በላይ ያለውን ተራራ ወጣ። ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ብቻ ነውና። በኪሱ በቀረችው ገንዘብ የገዛው ጥቅል ግን ገጹ ሳይከፈት አለቀ። የከተማ ጓደኞቹ በዚያው ሰዓት ሲደሰቱ እርሱ ውጤቱን ያወቀው በማግሥቱ ነው። ዘንድሮ ተፈታኝ እኔ ነኝና ነገሩ ያሳስበኛል።

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው የስልክ መሥመር ከተዘረጋ ወዲህ ይህ ሥራ ለረጅም ዘመን በመንግሥት እጅ ቆይቷል። በ2013 ዓ.ም. ግን በሳፋሪኮም የሚመራ የኩባንያዎች ማኅበር በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ አገኘ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም.ም በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ።

አንዳንድ ሰዎች «ውድድር ካለ ነጋዴው ራሱ ለሁሉ ያዳርሳል» ይላሉ። የውድድርን ጥቅም እኔም አልክድም። ነገር ግን ነጋዴ ሒሳቡን አይቶ ይሄዳል እንጂ ሃያ አባወራ ላለበት መንደር ብሎ አንቴና አያቆምም። ሌሎች ደግሞ «እንግዲያውስ ሁሉም የመንግሥት ይሁን» ይላሉ። ይህም ብቻውን አይበቃም። በ2008 ዓ.ም. ፈተና አስቀድሞ ስለ ወጣ፣ በግንቦት 2009 ዓ.ም. እንዳይደገም ተብሎ ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። መሥመሩ ያን ጊዜ በሙሉ የመንግሥት ነበር፤ ሆኖም ያጠፋውም ያላጠፋውም አብሮ ተቀጣ።

ስለዚህ በበኩሌ ዋናው ቁም ነገር ባለቤቱ ማን መሆኑ ሳይሆን ባለቤቱ ምን ግዴታ እንዳለበት ነው እላለሁ። በመንገድ ላይ ነጋዴው አውቶቡሱን አሠማርቶ ያተርፋል፤ መንገዱ ግን የሁሉ ነው፤ ድኻ ነህ ተብሎ የሚመለስ እግረኛ የለም። ፊንላንድም መሥመሩን ከኩባንያዎች ሳትነጥቅ፣ ከ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በሴኮንድ 1 ሜጋቢት የሚያደርስ ኢንተርኔት ማግኘት የነዋሪው መብት እንዲሆን በሕግ ደነገገች።

ሀብታችን ከፊንላንድ ጋር ባይተካከልም እኛም ጥቂት በጥቂት መጀመር እንችላለን። አንደኛ፣ የትምህርትና የፈተና ገጾች ያለ ክፍያ ይከፈቱ። ሁለተኛ፣ በሥራው የተሠማራ ሁሉ ትርፍ ለማይገኝበት ቀበሌም እንዲያዳርስ ይገደድ። ሦስተኛ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መሥመሩን መዝጋት ለማንም አይፈቀድ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ዛሬ በከተማ ተቀምጠን ገጹ የሚከፈትልን ሁሉ ስለዚህ ነገር ድምፃችንን ብናሰማ፣ ታናናሾቻችን ውጤታቸውን ለማየት ተራራ አይወጡም።