«ኪኒንሽን ውጠሻል?»

እናት ሦስት ሳምንት ከአልጋ አልነሣ ስትል «ሰነፈች» ትባላለች። ከዚያ እንቅልፍ ጥሏት ይጠፋና በእኩለ ሌሊት ዶሮ ስትበልት፣ የዕቁቡን ብር ለጎረቤት ስታድል፣ የመጣ የሄደውን ስትሳደብ ደግሞ «ጠገበች» ይሏታል። አባወራው ወደ ግሮሰሪው ይሸሻል። አክስት ጥፋቱን በቤት ሠራተኛዋ ላይ ትለጥፋለች። ትልቋ ልጅ ከትምህርት እየቀረች ታናናሾቿን ታሳድጋለች (ወንድሟማ ሰፈር ነው፣ የት ይሆናል?)። በመጨረሻ ሽማግሌ ይጠራና «በሉ ይቅር ተባባሉ» ይባላል። ባይፖላር ግን ጋቢ ለብሶ የመጣ ሽማግሌ አይሰማም!

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉንም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው የቡታጅራ ጥናት በሽታውን ያገኘው ፈረንጅ አገር ሳይሆን እዚሁ፣ አብዛኛው ገበሬ በሆነበት አካባቢ፣ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ ነው።

እኛን ይበልጥ የሚያንገበግበን ግን ሕክምና ከተጀመረ በኋላ የሚሆነው ነው። እስከ ትናንት ሁሉም ነገር አመል ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ነገር በሽታ ይሆናል። ባሏን «ደመወዙ የት ገባ?» ስትለው መልሱ «ኪኒንሽን ውጠሻል?» ነው። ልጇ ሰክሮ ሲገባ ብትቆጣ «እማዬ፣ ዛሬም ረሳሽው እንዴ?» ይላታል። በቃ፣ ክርክሩ አለቀ! ለመሆኑ የታመመች ሴት በሚያናድድ ነገር መናደድ ተከልክላለች? ቤተሰቡ ኪኒኑን አፍ መዝጊያ ካደረገው እሷ ወርውራ ብትጥለው ምን ይደንቃል? በድንገት የተቋረጠ ሊቲየም ደግሞ በሽታውን አጣድፎ ሊመልሰው ይችላል። ያኔ «ድሮም ብለን ነበር» ባዮች ይሰበሰባሉ።

አንዱም ይነሣና «መድኃኒቱን ትታ ጠበል ትግባ» ይላል። ጠበሉን ማን ከለከለ? አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ስለ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ሲናገሩ ኪኒንና ጠበል እንደማይጣሉ ነግረውናል። ለአእምሮ ሲሆን የሚጣሉበት ምክንያት አይታየንም።

ሽማግሌ መላክ ካማራችሁ ወደ ባልና ልጆች ላኩ። ደህና በሆነችበት ሰሞን እሷኑ ጠይቋት፦ እንቅልፍ እንቢ ሲላት ለማን ይደወል? የዕቁቡን ብር ማን ይያዝላት? ሐኪም ቤት ከማን ጋር መሄድ ትፈልጋለች? ደመወዙ የት እንደገባም ይነገራት።