የተቆለፈ ማስረጃ ምስክር አይሆንም

ፖለቲከኞቻችን ስለ ፍትሕ ሲናገሩ ዳኛውን፣ ዐቃቤ ሕጉንና ሕጉን ይጠሩልናል፤ ስለ ፋይል ፎርማት ሲያነሣ የሰማሁት ግን የለም። ጉዳዩ ለኮምፒውተር ባለሙያ የተተወ ነው። እኔ ግን ከዜጋ እጅ የተወሰደ ኮምፒውተር ወይም ስልክ በምን ዓይነት ቅጂ ፍርድ ቤት ይቀርባል የሚለው የለየለት የፖለቲካ ጥያቄ ነው እላለሁ። ቅጂውን መክፈት የሚችለው ከሳሽ ብቻ ከሆነ፣ ማስረጃውን መመርመር የሚችለውም ከሳሽ ብቻ ነውና።

ይህ የባዕድ አገር ወግ አይደለም። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በሐምሌ ወር በፀረ ሽብር ሕጉ ሲከሰሱ፣ በኢንተርኔት ደኅንነት ላይ ሥልጠና መውሰዳቸው ራሱ የክሱ አካል ሆኖ ቀረበ። አምስቱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ የቀሩት ከሽብር ክሱ ነጻ የተባሉት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዓመት የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መርማሪው ዳታውን እንዲቀዳና ሳይለወጥ እንዲጠብቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። ቅጂው በየትኛው ፎርማት ይሁን ለሚለው ግን መልስ አላስቀመጠም። እኔ የምለው ቀዳዳው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በፎረንሲክ ምርመራ ዲስክን መቅዳት ማለት ፋይሎችን እየመረጡ ማዛወር አይደለም። ዲስኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክፍል፣ ባዶ የሚመስለውና የተሰረዘው ቅሪት ሳይቀር፣ እንዳለ ይገለበጣል፤ ይህም የዲስክ ምስል ይባላል። ምሉዕ መሆኑ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከቀረበ አንድ የኢትዮጵያውያን ጉዳይ ይገኛል። ኪዳኔ በሚል የብዕር ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ፤ በኮምፒውተሩ ላይ ፊንስፓይ የተባለው የስለላ ሶፍትዌር አሻራ ተገኝቶ ነበርና። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ክሱን የዘጋው ስለላው አልተፈጸመም ብሎ ሳይሆን ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ አይደለም በሚል ነው። ልብ በሉ፦ በሰው ኮምፒውተር ውስጥ በሩቅ የሚገባ እጅ ካለ፣ ተከሳሹ «ይህ ፋይል የእኔ አይደለም» ሲል ቃሉን የሚመሰክርለት ወይም የሚያስተባብልበት ያ ሙሉ ቅጂ ብቻ ነው።

ቅጂ ከዋናው ጋር አንድ መሆኑን ማስመስከር ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በጋይንት ያለው የቤተልሔም ጉባኤ የድጓ ማስመስከሪያ ነው። ደቀ መዝሙሩ ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ በመምህሩ ፊት ያርማል፤ ከዚያ በኋላ ይመሰከርለታል። ይህ ምስክርነት የጸናው መጽሐፉ ማንኛውም ሊቅ ሊያነበው በሚችል ፊደልና ምልክት ስለተጻፈ ነው። መምህሩ ብቻ በሚያውቀው ምስጢራዊ ጽሕፈት ቢሆን ኖሮ ማን ያምነው ነበር?

በዲጂታሉ ዓለም የእርማቱን ቦታ የሚይዘው ሃሽ የሚባለው ቁጥር ነው። ከቅጂው ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ፈጽሞ ይለወጣል። የጽሕፈቱን ቦታ የሚይዘው ደግሞ ፎርማቱ ነው። ጥሬው ቅጂ በየትኛውም መሣሪያ ይከፈታል፤ ነገር ግን የዲስኩን ያህል ቦታ ይይዛል፤ ማን፣ መቼ እንደቀዳውም በውስጡ አይመዘግብም። ኢንኬዝ በተባለው ሶፍትዌር የተስፋፋው ኢ01 ይጨመቃል፤ በየ32 ኪሎባይቱ የማረጋገጫ ቁጥር ያኖራል፤ የመርማሪውን ስምና ቀኑን ይይዛል። ውስጡ እንዴት እንደተሠራ በነጻ ሶፍትዌር ሊነበብ የቻለው ግን የውጭ ባለሙያዎች ፈትተው ስላጠኑት ነው። ዛሬ አውቶፕሲ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ጥሬውንም ኢ01ንም ይከፍታል። ከመጀመሪያው ክፍት ተደርጎ የተሠራው ኤኤፍኤፍ በአብዛኛው ተትቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በታወጀው ኤኤፍኤፍ4 ተተክቷል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ክፍትነት ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ መሣሪያዎች የሚያነቡት መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ ለተከሳሽ ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ካለ ወደዚያው ወደ ጋይንት ይመልከት። ከነሐሴ 6 እስከ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በጥቅምት 30 ቀን 2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት 16 ሴቶች በታጣቂዎቹ መደፈራቸውን ተናግረዋል፤ የጤና ተቋማትም ተዘርፈዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ሌላ ጦርነት በክልሉ ሲቀጣጠል ደግሞ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንድ ሰው ያየውን በስልኩ ቢቀርጽ፣ ወደ ውጭ መላክ ስላልቻለ ብቸኛው ቅጂ በዚያው ስልክ ላይ ይቀራል ማለት ነው። የዘመኑ ስልክ ማከማቻ የተመሰጠረ በመሆኑ እንደ ዲስክ እንዳለ መገልበጡ ያዳግታል፤ የሚወጣው ዳታም ብዙ ጊዜ በመርማሪው መሣሪያ አምራች ፎርማት ይታሸጋል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ፍሬ ቢያፈራና ፋይሉ ከዓመታት በኋላ ቢፈለግ፣ የሶፍትዌሩ ፈቃድ ጊዜው አልፎበት «አልከፈትም» ቢልስ? ተበዳይዋ ሁለተኛ ጊዜ ተበደለች ማለት ነው።

«መብራት በሌለበት አገር ስለ ፎርማት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አይጠፉም። የምጠይቀው ግን ወጪው እጅግ አነስተኛ ነው። አንደኛ፣ ቅጂው በጥሬ መልክ ወይም በነጻ ሶፍትዌር በሚነበብ ፎርማት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ዕቃው በተያዘበትና ቅጂው በተወሰደበት ሰዓት የሃሽ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ባለቤቱና ምስክሮች ይፈርሙበት፤ ኤምዲ5 እ.ኤ.አ. በ2004፣ ሻ-1 ደግሞ በ2017 ስለተሰበሩ ቁጥሩ ሻ-256 ይሁን። ሦስተኛ፣ ተከሳሽም ሆነ ተበዳይ የዚያኑ ቅጂ አቻ ያግኙ። እውነት ነው፤ ሃሽ ከመቀዳቱ በፊት ማን ምን እንዳስገባ አይነግረንም። ከተቀዳ በኋላ ግን ማንም እንዳልነካው ይነግረናል፤ ለአንድ ፍርድ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሕግ አውጪዎቻችንና የሕግ ባለሙያዎቻችን አዋጁን ወይም ማስፈጸሚያውን ሲያዩ ይህን አንቀጽ ይጨምሩበት። ዛሬ በሥልጣን ላይ ያለው ነገ ተከሳሽ ሊሆን ይችላል፤ የዛሬው ተከሳሽም ነገ ፍትሕ ፈላጊ ተበዳይ ይሆናል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁልፍ ያስፈልጋቸዋል።

ቸር እንሰንብት።