ነብር አየኝ በል

ስለ «ዘ ስኖው ሌፐርድ» የሚያወራችሁ ሰው ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚላችሁ አንድ ነገር ነው። ሰውዬው ሂማሊያ ላይ ሁለት ወር ተንከራተተ፣ የበረዶ ነብሩን ሳያይ ተመለሰ፣ «ግን እኮ አለማየቱ ነው ማየቱ»። ከዚያ ዝም ይላል። እናንተም ዝም ብላችሁ ራሳችሁን እንድትነቀንቁ ይጠብቃል። እኔም ለዓመታት ነቅንቄያለሁ። መጽሐፉን ሁለተኛ ጊዜ ካነበብኩት በኋላ ግን አንገቴ እምቢ አለ።

ላላነበባችሁት በአጭሩ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ፒተር ማቲሰን አሜሪካዊ ደራሲ ነው። በ1953 «ፓሪስ ሪቪው» የተባለውን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን በዚያው ሰሞን ለሲአይኤ ይሠራ እንደነበር በኋላ ራሱ አምኗል፤ ይሄ ሌላ ቀን ይወራል። በ1972 መጀመሪያ ላይ ሚስቱ ዴቦራ ላቭ በካንሰር ሞተች። ከዜን ቡድሂዝም ጋር ያስተዋወቀችው እሷ ናት። በ1973 ሴፕቴምበር ማብቂያ ላይ ደግሞ ጆርጅ ሻለር ከሚባል የዱር እንስሳት ተመራማሪ ጋር ከኔፓሏ ፖካራ ተነስቶ በእግሩ ወደ ዶልፖ ጉዞ ጀመረ። ዶልፖ ቲቤት ድንበር ላይ ያለ፣ ሰዉ በቋንቋውም በሃይማኖቱም ከቲቤቶች የማይለይ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር ደጋ ነው። የሻለር ዓላማ ባራል የሚባሉትን የሂማሊያ «ሰማያዊ በጎች» በስሪያ ወቅታቸው ማጥናት ነበር። ባራል ባለበት ደግሞ እሱን እየበላ የሚኖር የበረዶ ነብር አይጠፋም። ማቲሰን ነብሩንም፣ ሼይ የሚባለውን ጥንታዊ ገዳምም፣ የገዳሙን ላማም ማየት ፈለገ። መጽሐፉ በ1978 ወጣ፣ የአሜሪካን «ናሽናል ቡክ አዋርድ» አገኘ፣ ከዚያ ወዲህ ራሱን ፍለጋ ተራራ የሚወጣ ሰው ሁሉ ቦርሳ ውስጥ አይጠፋም።

አሁን ወደ ጠባችን።

ቤት ውስጥ የስምንት ዓመት ልጅ ቀርቷል። እናቱን ካጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ። አባትየው ለታንክስጊቪንግ በዓል እመለሳለሁ ብሎት ነው የሄደው። በዚያ ዓመት በዓሉ የዋለው ኖቬምበር 22 ነው። ማቲሰን ከሼይ የተነሳው ኖቬምበር 18 ነው። ካርታ ማየት አያስፈልግም፣ በበዓሉ ቀን ተራራ ላይ ነበር።

ይሄ ብቻ ቢሆን፣ እሺ፣ መንገድ ያስቀራል። በረዶ የተራራውን በር ይዘጋል፣ ተሸካሚ ይጠፋል፣ ሰው ይዘገያል። እኔን ያስቆጣኝ ሌላ ነው። ሼይ ላይ ሳሉ ፖስታ መጣላቸው። አስቡት እስቲ፤ ስልክ የለ፣ መኪና መንገድ የለ፣ ሰዎች በእግራቸው በረዶ አቋርጠው ያመጡት ፖስታ። ማቲሰን ለእሱ የተላኩትን ደብዳቤዎች ሳይከፍት ቦርሳው ውስጥ ከተታቸው። ምክንያቱንም አልደበቀም። መጥፎ ዜና ቢሆን እዚያ ሆኖ ምንም ሊያደርግ አይችልም፤ ጥሩ ዜናም ቢሆን «አሁን»ን ይበጠብጥበታል።

መጀመሪያ ያነበብኩ ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ በእርሳስ አስምሬበት ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነው! ብዬ። ዛሬ ቢሆን «ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረገው» ብለን ፖስት እናደርግለት ነበር፣ ስንት ሺህ ላይክ ያገኝ ነበር። በሁለተኛው ንባብ የታየኝ ግን ልጁ ነው። ከነዚያ ደብዳቤዎች በአንዱ ላይ አንድ ልጅ በተጣመመ ፊደል «መቼ ነው የምትመጣው?» ብሎ ጽፎ ቢሆንስ? እንዲህ ያለ ጥያቄ «አሁን»ን ይበጠብጣል ወይስ «አሁን» ማለት ራሱ እሱ ነው?

«ቡድሃም እኮ ልጁን ጥሎ ነው የወጣው» ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ። ልዑል ሲዳርታ ልጁ ራሁላ ገና ጨቅላ ሳለ ነው በሌሊት ቤተ መንግሥቱን ትቶ የሄደው። የራሁላን ስም ራሱ «ማሰሪያ» ብለው የሚፈቱት አሉ። እኛም ለዚህ ዓይነት ታሪክ እንግዳ አይደለንም። ሙሽራይቱን ጫጉላ ቤት ትቶ የመነነውን፣ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ ወድቆ የኖረውን ገብረ ክርስቶስን እየሰማን ነው ያደግነው። ለዚህ ይመስለኛል «ትቶ ሄደ» የሚል ወሬ ስንሰማ «ቅዱስ» የሚለው ቃል ከአፋችን ለማምለጥ የሚቸኩለው።

ግን ታሪኮቹን እስከ መጨረሻው ስሙዋቸው። ገብረ ክርስቶስ ሞቶ ማንነቱ ሲታወቅ የቤተሰቡ ልቅሶ ከታሪኩ አልተሰረዘም፤ እንዲያውም ሰሚውን የሚያስለቅሰው እሱ ነው። የቡድሂስቶቹ ደግሞ ከዚህም ይሄዳል። ቡድሃ ወደ ትውልድ ከተማው ሲመለስ ራሁላ «ርስቴን ስጠኝ» እያለ ይከተለዋል። ቡድሃም ልጁን አስመነኮሰው። ይሄኔ አያትየው ሱዶዳና መጥቶ አለቀሰ። መጀመሪያ ልጁን አጣ፣ አሁን የልጅ ልጁን፤ ሕመሙ አጥንቱ ድረስ ዘልቋል። የለመነው አንድ ነገር ነው፦ ከእንግዲህ ማንም ልጅ ያለ ወላጆቹ ፈቃድ አይመንኩስ። ቡድሃ እሺ አለ። የአንድ ሽማግሌ ሐዘን የመነኮሳት ሕግ ሆነ፣ እስከ ዛሬም በሕግ መጽሐፋቸው ውስጥ አለ። እኔ ይሄን ሳነብ ያሰብኩት ቡድሃ ደብዳቤውን እንደከፈተው ነው። ስለዚህ ቡድሂዝምን ለማቲሰን ጠበቃ አድርጋችሁ አታቁሙብኝ። ከተጠራ የሚመሰክረው ለልጁ ነው።

ወደ ሻለር ልምጣ፤ በዚህ መጽሐፍ እጅግ የምወደው ሰው እሱ ነው፣ አድናቂዎቹ ደግሞ እንደ ደረቅ ቁጥር ቆጣሪ የሚያዩት። እውነት ነው፣ የዜን ወሬ ብዙም አይማርከውም። ጥያቄው ሌላ ነበር፦ ባራል በግ ነው ወይስ ፍየል? ሳቅ ያሰኛል አይደል? አንዱ ሕይወትና ሞት ምንድን ነው እያለ፣ ሌላው በግ ነው ፍየል። ግን ይሄን ጥያቄ ለመመለስ ምን ያስፈልጋል? ከማለዳ ጀምሮ ገደል ላይ በብርድ መቀመጥ። የትኛው አውራ ከየትኛው ጋር በቀንዱ ተላተመ፣ ማን አፈገፈገ፣ ማን የማንን ሽታ አሸተተ፣ ሁሉን በማስታወሻ መያዝ። ነገም እንደገና። ስለ ራስ አንድም ቃል ሳይጽፉ። ይሄን ተመስጦ ካላልነው ምን ልንለው ነው? ሻለር በመጨረሻ የደረሰበትም አለ፤ ባራል በብዙ ነገሩ በግ ይምሰል እንጂ ለፍየል ይቀርባል።

ነብሩንስ? ማቲሰን ከሼይ ከሄደ በኋላ ሻለር አየው። ይሄን ብዙ ሰው እንደ ቀልድ ያወራዋል፤ ለነብሩ ያን ያህል ያልተጨነቀው አየው፣ የተጨነቀው አጣው። ቀልድ አይደለም። ሻለር ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት ፓኪስታን ውስጥ ቺትራል ላይ በዱር ያለ የበረዶ ነብር ፎቶ ያነሳ ሰው ነው። ያየው ዕድል ስለሰመረለት ብቻ አይመስለኝም፤ መቀመጥ ያውቅበታል። (ሻለርም ሚስትና ልጆች ነበሩት። እሱም ርቆ ነው የሚውለው። ልዩነቱ መራቁን ቅድስና ብሎ አለመጥራቱ ነው፤ ሥራ አለብኝ ነው ያለው።)

ስለ ላማውም የማልስማማበት ነገር አለ። ሼይ ሲደርሱ ገዳሙ ተዘግቷል፣ ሰዉም ክረምቱን ሽሽት ወርዷል። ላማው ከዚያ ራቅ ባለች የገደል ላይ በኣት ውስጥ ነው። መጀመሪያ ያገኙት ጊዜ የፍየል ቆዳ በቅቤና በአንጎል ሲያለፋ ስለነበር ተራ መነኩሴ መስሏቸው አለፉት። በኋላ ነው እሱ ራሱ ላማው መሆኑን ያወቁት። እግሮቹ በበሽታ ታስረዋል፣ ከዚያ ተራራ መውረድ አይችልም። በዚህ ብቸኝነት ተደስተህ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የተጣመሙ እግሮቹን እያሳየ ሳቀ፤ ደስተኛ መሆኑን፣ ምርጫ ማጣቱም ለደስታው እንደሚያግዘው ነገራቸው። አንባቢ ሁሉ ይሄን ሳቅ ይወደዋል። እኔም እወደዋለሁ። ግን ሻለር ለምን ሼይን መረጠ ብላችሁ ጠይቁ። ላማው በአካባቢው አደን ስለከለከለ ባራሎቹ ብዙ ናቸው፣ ሰውም እምብዛም አይሸሹም ስለተባለ ነው። የሼይ ቡድሂዝም የሠራው ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። ብርሃን አየሁ ያለ የለም። አንድ እግሩ የታሰረ ሰው «አትግደሉ» አለ፣ ሰዉም ተወ፣ እንስሳቱ ተረፉ። ማቲሰን «ባዶነት»ን ሊፈልግ የመጣበት ሸለቆ በባራል የተሞላው በዚህ ክልከላ ነው። ይሄን በጥቅስ ካርድ ላይ የሚለጥፍ አላየሁም፤ ለፎቶ አይመችም መሰለኝ።

የተሸካሚዎቹ ነገርም አለ። ማቲሰን የጻፈው ብቸኝነት በሰው ጀርባ ተጭኖ የወጣ ብቸኝነት ነው። ድንኳኑ፣ ሩዙ፣ መጻሕፍቱ ሁሉ። ከተሸካሚዎቹ በረዶ ላይ በባዶ እግራቸው የሄዱ ነበሩ። ሲዘገዩ፣ አንሄድም ሲሉ ማቲሰን ይበሳጫል፣ ከዚያ በመበሳጨቱ ያፍራል፣ ማፈሩንም ይጽፋል። ለዶልፖ እረኛ ደግሞ ነብሩ ምሳሌ አይደለም። አንድ ሌሊት በረት ገብቶ የዓመቱን ሀብት አርዶ የሚሄድ አውሬ ነው። እሱን «አለማየቱ ነው ማየቱ» በሉትና ምን እንደሚመልስላችሁ ስሙ።

እዚህም ያው ነው። የሰሜን ተራሮች በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይሄ መጽሐፍ በወጣበት በ1978 ነው። ዛሬ ከዚያ የሚመጡ ፖስቶችን ተመልከቱ። ገደል፣ ጉም፣ ጭላዳ፣ ጀርባውን የሰጠ ሰው፣ ከሥሩ «ብቻዬን ከራሴ ጋር»። ፎቶውን ማን አነሳው? ጠመንጃውን ለደቂቃ ትከሻው ላይ አንግቶ ስልካችሁን የተቀበለው ስካውት ነዋ! ድንኳኑን የጫነው ባለ በቅሎስ? የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው መስፈራቸውስ? ዝምታው ደስ የሚለን ማን ዝም ስላለ ነው?

እንዳትሳሳቱ፣ መጽሐፉን አንብቡት። እኔ የምጣላው ከአንባቢዎቹ ጋር ነው፤ ከማቲሰንም ጋር ቢሆን የምጣላው እሱ ራሱ ባቀበለኝ ማስረጃ ነው። ልጁን ማን ነገረኝ? እሱ። ያልተከፈቱትን ደብዳቤዎች፣ ባዶ እግሮቹን፣ ከዴቦራ ጋር ትዳራቸው ስንቴ ሊፈርስ እንደነበር ማን ነገረኝ? እሱ። ሁሉንም ሊደብቀው ይችል ነበር። በኋላ የዜን መነኩሴ ሆኗል፣ ያኔም ቢሆን ሊያስተካክለው ይችል ነበር። አልነካውም። መጽሐፉን ታላቅ የሚያደርገው ይሄ ነው፤ ጀግናውን ከስሶ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ይጠራል። እኛ ነን ፍርዱን ሳንሰማ ጭብጨባ የጀመርነው።

ማቲሰን ዱካውን አይቷል፣ ኩሱን አይቷል፣ ነብሩ ከሆነ ቋጥኝ ሥር ሆኖ እያየው እንደሆነ ተሰምቶታል። ይሄም እንደ ጸጋ ይነገራል። በኛ ቋንቋ ግን «ነብር አየኝ በል» ዛቻ ነው። ወዮልህ ነው። ሰው ማየት አለማየቱን ሲያሰላ፣ ስለመታየቱ የሚነግረው የኛ ቋንቋ ብቻ ይመስለኛል። ማን አየው? ቤት የቀረው ልጅ አይቶታል። ጭነቱን ተሸክሞ ከኋላው የሄደው አይቶታል። ከሁሉም በላይ ቱክተን አይቶታል።

ቱክተን ከሸርፓዎቹ አንዱ ነው። ጓደኞቹ ይጠጣል፣ ይሳደባል፣ አታምነው ይላሉ። ማቲሰን ግን በሰውዬው ውስጥ መምህሩን ያየ መሰለው፤ መንገዱን ሁሉ ሲያጤነው፣ ስለ እሱ ሲጽፍ ኖረ። ሲለያዩ ካትማንዱ ውስጥ ቦድናት በሚባለው ትልቁ የቡድሂስቶች ስቱፓ ሊገናኙ ተቃጠሩ። ማቲሰን በቀጠሮው ቀን ሄደ። ቱክተን የለም። ጠየቀ፣ የሚያውቅ የለም። መጽሐፉ እዚያ ያበቃል፣ አንባቢም መምህሩ ተሰወረ፣ ምሥጢር ነው እያለ መጽሐፉን ያጥፋል።

እኔ ግን ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ሸክም ተሸክሞ ከሚኖር ሰው አንጻር ሳስበው፣ ሌላ ጭነት አግኝቶ ሄዶ ይሆናል እላለሁ።